አውራ ጣት ፍለጋ ወደ ጋይንት

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ የዓይን ሐኪም ዓይኔን መመርመር ትቶ እጄን በያዘ ጊዜ ነው። ከዘመድ በቀር እጄን የያዘ ወንድ ስላልነበረ ምን እንደሚደረግ አላወቅሁም፤ ወደ መስኮቱ አየሁ። እሱ ግን ልኬት ላይ ነበር።

«አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ አጥፊና ጨብጪ» አለኝ።

ጨበጥሁ። የአውራ ጣቴ ጫፍ በትንሿ ጣቴ በኩል፣ በአጥር ቀዳዳ አንገቷን እንዳወጣች ዶሮ ብቅ አለ። ሐኪሙ በጣም ደስ አለው። ረዳቶቹን ጠርቶ አሳያቸው። ሐኪም እንደዚያ ደስ ሲለው በሽተኛው መጠንቀቅ እንዳለበት ያን ቀን ተማርሁ።

የሄድሁት መነጽሬ አላሳይ ስላለኝ ነበር። ለካ ጥፋቱ የመነጽሩ አይደለም፤ በዓይኔ ውስጥ ያለው ሌንስ ከቦታው ተንሸራትቷል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ የሰውን አካል እርስ በርሱ የሚያያይዘው ማሰሪያ በእኛ ዘር ከውልደት ጀምሮ የላላ ነው። በዚህ ምክንያት አጥንታችን ይረዝማል፣ የዓይናችን ሌንስ ይለቃል፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥርም እየሰፋ ይሄዳል። እኔ ቁመቴን እግዜር ለሰፈሩ ልጆች መሣቂያ የሰጠኝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ምልክት ኖሯል።

ከዚያ ወደ ልብ ሐኪም ላከኝ። እሱ ደግሞ ደረቴን ብዙ ጊዜ አዳምጦ ስለ አባቴ አሟሟት ጠየቀኝ። አባቴ ቁም ሣጥን ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ ነው የቀረው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ የሰው ዓይን ነው ብሎ ተስማምቶ ነበር። ሐኪሙ ግን የደም ሥሩ ሳይቀደድ አልቀረም አለ።

«ወንድም ነበረው?»

«አለው። ጋይንት ነው ያለው፤ መሪጌታ ነው። ልጅም አለው፤ ይሄይስ ይባላል፤ ቤተ ልሔም የሚባል ደብር ውስጥ የድጓ ዜማ ይማራል።»

«ረጅም ነው?»

«አይቼው አላውቅም። በር ሲገባ ለሁለት ይታጠፋል ይላሉ። ዓይኑም ደከም ያለ ነው አሉ።»

«እንግዲያው ሳይረፍድ አምጪው» አለኝ፣ ጋይንት ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጀርባ ያለ ይመስል።

ዕቅዱ ሲነገር ቀላል ነበር። መጀመሪያ የይሄይስ ልብ ይታያል፤ ለእኔ እንደታዘዘው የልብን ምት የሚያቀዘቅዝ ክኒን ይታዘዝለታል። የልብ ሐኪሙ ካመነበት በኋላ የተንሸራተተው ሌንስ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ወፍራም መነጽር ይደረግለታል። ዓይኑ ቢቆይ ሊጠፋ ይችላል፤ ልቡ ቢቆይ እሱ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። እስከዚያ ድረስ እሱም እንደ እኔ ሸክም አያንሣ፣ አይሩጥ፣ ትንፋሹ እስኪያጥር ድረስም አይጩኽ። የድጓ ተማሪን አትጩኽ ማለት ዓሣን አትዋኝ እንደ ማለት ነው፤ ይህን ግን ለሐኪሙ አልነገርሁትም። አፍራለሁ።

«በበቅሎ መሄድ ይፈቀድልኛል?» ብዬ ግን ጠየቅሁት።

«በቅሎዋ ከፈቀደች» አለኝ።

ይህን የምጽፈው ከተመለስሁ በኋላ፣ እዚያ ለማይደርሱ ሰዎች ነው፤ በተለይም «የጋይንት ሆቴሉ እንዴት ነው?» ብለው ለጠየቁኝ የመሥሪያ ቤቴ ጓደኞች።

ሐሙስ ዕለት ጎሕ ሲቀድ ከአዲስ አበባ ተነሣን። «ተነሣን» የምለው እናቴ ብቻዬን አልሰድም ብላ የአባቴን የድሮ ጓደኛ ጋሽ ታፈረን ስለጨመረችልኝ ነው። ጋሽ ታፈረ እስቴ ተወልደው አዲስ አበባ ያረጁ፣ አጭር፣ ድብልብል፣ ዝምታን እንደ ጉንፋን የሚሸሹ ሰው ናቸው። እኔ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ እሳቸው ሌላ ነገር አይወዱም። ጎን ለጎን ስንቆም እንስራና መቋሚያ እንመስላለን።

አውቶቡሱ የተሠራው ጉልበት ለሌለው ፍጥረት ነው። እስከ ደጀን ድረስ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተጓዝሁ። ዓባይ በረሃ ስንወርድ ጋሽ ታፈረ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። ከአዲስ አበባ እስከ ጋይንት ያገኘኋት የዝምታ ሰዓት እሷ ብቻ ናት፤ በረሃው ትንሽ ረዘም ቢል ምን ነበረበት ብዬ አዘንሁ። ደብረ ማርቆስ ስናድር ከአልጋው የተረፈው እግሬ ለብቻው ወንበር ላይ አደረ።

ዓርብ ማታ ባሕር ዳር ገባን። ስለ ጣና ውበት የምጽፈው የለኝም፤ ጋሽ ታፈረ ዓሣ ጾም ይገድፋል አይገድፍም በሚል ከምግብ ቤቱ ባለቤት ጋር ሲከራከሩ መሸ፤ ዓሣውም ቀዘቀዘ። በመጨረሻ አይገድፍም ተብሎ ተወሰነና የእኔንም ጨምረው በሉት።

ቅዳሜ ደብረ ታቦር፣ እሑድ ደግሞ ከበጋ ውጭ በማይሠራ መንገድ በጭነት መኪና ወደ መካነ ኢየሱስ። ሾፌሩ ሌላውን ሁሉ በጫነው ጨው ላይ አስቀምጦ እኔን ጋቢና አስገባኝ። ክብር መስሎኝ ላመሰግነው ስል፣ «ላይ ከሆንሽ ቅርንጫፍ ይወስድሻል» አለኝ።

መካነ ኢየሱስ ያረፍነው በጋሽ ታፈረ እኅት በወይዘሮ ጥሩነሽ ቤት ነው። አዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ የምንጨነቀው መቼ እንደሚሄድ ነው፤ እዚህ ጭንቀቱ ለምን በቃኝ እንዳለ ነው። ወይዘሮ ጥሩነሽ የራሳቸውን መደብ ለቀቁልኝ። መደቡ እንደማይበቃኝ ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ወጡና በእግሩ በኩል ሙቀጫ ደፍተው፣ ሙቀጫው ላይ ትራስ አስቀመጡ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ሙሉ ቁመቴን ዘርግቼ የተኛሁት ያን ሌሊት ነው። በአገራችን አንድ አናጢ እንኳ ያላሰበውን እሳቸው በሙቀጫ ጨረሱት።

ጠዋት ግን ለምን እንደምሄድ ጋሽ ታፈረ ዘርዝረው ነገሯቸው። ሰኞን ሙሉ ስታከም ዋልሁ። አንደኛዋ ጎረቤት ማር ጠብ ይደረግባት አለች። ሁለተኛዋ የሥራ ሥር ስም ነገረችኝ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ሁለቱንም ንቀው የምታጠባ ጎረቤታቸውን አስጠሩ፤ ለዓይን ከእናት ጡት ወተት የሚበልጥ የለም አሉ። ሴትዮዋ ልጇን ታቅፋ፣ ደረቷን ከፍታ፣ «ቀና በይ እስቲ» እያለች ስትመጣ የሚይዘኝ አልተገኘም። ሐኪሙ አትሩጪ ያለኝን ያን ዕለት ረሳሁ። ቆይቼ ከጓሮ ስመለስ ሴትዮዋ አላዘነችም፤ «ቆንጆ ልጅ ናት፤ ግን ትበረግጋለች» አለችና ሕፃኑን አጥብታ ሄደች።

ማክሰኞ በሁለት በቅሎ ወደ ስማዳ ጉዞ ጀመርን። ጋሽ ታፈረ በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ሁለት ሰው ከታች ይገፋቸዋል፤ እኔ ከወጣሁ በኋላም እግሬ መሬት ሊነካ ትንሽ ቀርቶት ነበር። በገደል አፋፍ ስንሄድ በቅሎዋ የምትሄደው ከመንገዱ መካከል ሳይሆን ከጠርዙ ነው። አዲስ አበባ እንዲህ የሚነዱ ባለ ታክሲዎች አሉ፤ እነሱ ግን ቢያንስ ጡሩምባ ያሰማሉ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ወንዝ ስንሻገር በቅሎዋ ውኃ ልትጠጣ አንገቷን ድንገት ደፋች። እኔም ደፋሁ፤ መነጽሬ ወንዝ ገባ። ያለ መነጽር ዓለም ለእኔ ወተት ውስጥ የተነከረች ናት። ጋሽ ታፈረ፣ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁ» አሉ፤ መኖራቸውን በድምፅ ካልሆነ በሌላ ማረጋገጥ አልቻልሁም። አንድ ባላገር ከማሳው ሮጦ መጣ። ምን እንደጠፋ ሲነገረው ውኃው ውስጥ ገብቶ በእጁ አልፈለገም፤ በባዶ እግሩ ቀስ እያለ ዳሰሰው፤ አገኘውም። ከዚያ ራሱ አድርጎ ወደ ሰማይ፣ ወደ ሚስቱ፣ ወደ በቅሎዋ ተመለከተና አወለቀው።

«ይህን አድርገሽ ነው የምታይ?» አለኝ በሐዘን። «እኔ በዚህ አንዲት ፍየል አልጠብቅም።»

መሽቶ ስለነበር አድራችሁ ሂዱ አሉን። ሚስቱ እንደ አገሩ ደንብ የሞቀ ውኃ በገበቴ አምጥታ እግሬን ልታጥብ ጎንበስ አለች። አይሆንም ብዬ ስግደረደር እግሬን ያዘችው። ያዘችውና ቆመች።

«አንተ ሰውዬ፣ ና እይ» ብላ ባሏን ጠራች። «ጣቷን እይ። ይህ እኮ ለእጅም ይበዛል።»

«ነውር ነው፤ እጠቢና ተዪ።»

«ማጠብስ አጥባለሁ፤ ውኃ ጨምሩልኝ።»

ሁሉም ሣቁ፤ እኔም ሣቅሁ፤ ብዙ ጊዜ አይሆንልኝም ነበር። የገብስ እንጀራ በባቄላ ሽሮ አቀረቡልን፤ የመጨረሻውንም ጉርሻ ሴትዮዋ ራሷ አጎረሰችኝ፣ ቀኑን ሙሉ ጠንክሬ እንደ ሠራሁ ሠራተኛ። ጠዋት መነጽሬን በጆሮዬ ዙሪያ የማስርበት የጥጥ ፈትል ሰጠችኝ። የከተማው መነጽር ሻጭ ያልሰጠኝ ይህን ነበር። ሐሙስን ሙሉ በፈትሉ ታስሬ፣ በጋሽ ታፈረ ወሬ ታጅቤ ስጓዝ ዋልሁ።

ዓርብ ዕለት አርብ ገበያ ከምትባለው ከተማ ደረስን፤ ቀኑ የገበያ ነበርና ገበሬውም አህያውም ተሰብስቦ ጠበቀን። እኔ በቅሎዬን አስሬ ጥላ ሥር ልደበቅ ስል፣ ጋሽ ታፈረ ጠላ ቤት ገብተው የመጣንበትን ምክንያት ለሕዝብ አሳወቁ። ዞር ስል ጉልበተኛው፣ ሽማግሌው፣ ጨው ነጋዴው ሁሉ አውራ ጣቱን አጥፎ፣ እጁን ጨብጦ ወደ እኔ ዘርግቷል። ለማያውቅ ሰው ገበያው በሙሉ ሊደበድበኝ የተነሣ ይመስል ነበር።

«የእኔ አይወጣም» አለ አንድ አጭር ሰው፣ ተከፍቶ። «ምን ጎድሎኝ ነው?»

«ምንም አልጎደለዎትም። አለመውጣቱ ነው ጥሩው።»

«የእሱ ግን ወጣ።»

«የእሱ ጣቱ ቆሞ ነው፤ በደንብ አላጠፈውም።»

«አየህ?» አለው ወዳጁን። «ሳታጥፍ ነው የምትመካብኝ።»

ከኋላ ቆሞ ያየን አንድ ሰው ግን እጁን ከጋቢው አላወጣም። «ዛሬ ጣት የለካ ነገ መሬት ይለካል» አለ ቀስ ብሎ። ሕዝቡ እጁን ወደ ኪሱና ወደ ጋቢው መለሰ። አፍታም ሳይቆይ በገበያው ውስጥ ጣት ያለው ሰው አልነበረም። ጋሽ ታፈረ የመንግሥት ሰዎች እንዳልሆንን እየማሉ አስረዱ፤ ማብራሪያው ሲበዛ ጥርጣሬው በዛ። ያን ሌሊት ያሳደሩን ሴት እንኳ እራት አቅርበው ሲያበቁ፣ «ግን የእኛን መሬት ማን ነገረሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ወደ ማታ ቤተ ልሔም ደረስን። ደብሩ ከሩቅ የሚታወቀው በዛፉ ሳይሆን በድምፁ ነው፤ ከየጎጆው የሚወጣው ዜማ ይደራረባል። መሪጌታ እንግዳ የሚባሉት አጎቴ በደጃቸው ቆመው ተቀበሉን። እሳቸውን ሳይ አባቴ ሽበት አብቅሎ፣ ጥምጣም ጠምጥሞ የተነሣ መሰለኝ፤ ያው ቁመት፣ ያው የታጠፈ ትከሻ። ብዙ ሳሙኝ። «የወንድሜ ልጅ፣ የወንድሜን ቁመት ይዛ መጣች» እያሉ ለጎረቤት አሳዩኝ። ዘራቸው በሙሉ በቁመት ይኮራል፤ በማኅሌት ሲሰለፉ ጥምጣማቸው ከሌላው ሁሉ በላይ ይታያል።

እራት ሳይቀርብ ይሄይስ መጣ። እውነትም በሩ ላይ ለሁለት ታጠፈ። ከገባ በኋላ በሥርዓት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ እጅ የነሣው ግን በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የጋሽ ታፈረን ካፖርት ነው።

«አያችሁ ትሕትናውን?» አሉ አባቱ። «ቀና ብሎ ሰው ፊት አያይም። ከልጅነቱ እንዲህ ነው።»

ጋሽ ታፈረ ተነሥተው ካፖርታቸውን አወረዱ።

ምግቡ ከተነሣ በኋላ ለምን እንደመጣሁ ነገርኋቸው። የተናገርሁት ለእሳት ምድጃው ነበር ማለት ይቻላል፤ ወደ ሰው አላየሁም። ይሄይስ ጨበጠ፤ አውራ ጣቱ ከእኔም ይልቅ ረዝሞ ወጣ። መሪጌታ ሣቁ።

«ከዩኒቨርሲቲ ተምረሽ የመጣሽው ቡጢ ነው?»

«የልብና የዓይን ነገር ነው፣ አጎቴ። ዓይኑ ሳይጠፋ፣ ልቡም ሳይጎዳ ሐኪም ቢያየው ነው።»

«የማን ዓይን? ይሄይስ እኮ መጽሐፍ ሳያይ ነው ድጓውን የሚዘልቀው። ሌሎቹ በገጹ ላይ አፍንጫቸውን ሲጎትቱ እሱ ቀና ብሎ ነው። የኔታ ስንት ጊዜ አመስግነውታል። የቀረው የራሱን ድጓ በእጁ ጽፎ መመረቅ ነው። አሁን ከዚህ ነቅለሽ ለፈረንጅ ቢላዋ ልትሰጪው ነው?»

«አባቴም እኮ…»

«ወንድሜን የሰው ዓይን በላው። ይህ ያለቀ ነገር ነው።»

ያለቀ ነገር ሆኖ አደረ።

ይሄይስ ወደ ጎጆው ሲመለስ እስከ አጥሩ ሸኘሁት። ሁለታችንም አፋር ስለሆንን መጀመሪያ ስለ ብርዱ አወራን። ከዚያ እሱ ራሱ ጀመረው።

«ከፊደሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን የዜማ ምልክቶች አሉ አይደል? እነሱን ካየሁ ቆየሁ። ሌላው ሲያዜም ሰምቼ ነው የያዝሁት።»

«ታዲያ ገጹን እንዴት ትገልጣለህ?»

«ጎኔ ያለው ሲገልጥ እገልጣለሁ። እሱ የታመመ ዕለት እኔም እታመማለሁ።»

ሣቅሁ፤ እሱ ግን አልሣቀም።

«ሰው ትጉህ ነው ይለኛል። መጻፍ ስጀምር ግን መስመሩን አላገኘውም። የኔታ ይህን ካወቁ ስንት ዓመት በባዶ ገጽ ሲያታልለኝ ኖረ ይላሉ።»

«ደረትህስ?»

ደረቱን በእጁ ነካ። «ከፍ ያለውን ዜማ ስይዝ እዚህ ጋ ይደበድበኛል። ትንፋሽ ይቆርጠኛል። የኔታ ስንፍና ነው ብለው ቆመህ ድገመው ይሉኛል። እደግማለሁ።»

ልቤ የራሷን ክኒን ረስታ መታች። ሐኪሙ የከለከለውን ሁሉ፣ እዚህ በመድኃኒትነት በየቀኑ እየሰጡት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታፈረ መሪጌታን ወደ የኔታ እንሂድ አሏቸው። በዚያ አገር ተማሪ ያለ መምህሩ ቡራኬ አጥር አይወጣም፤ የየኔታ ቃል ደግሞ ከአባት ቃል ይበልጣል። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ተስማሙ፤ የሚፈረድብኝ መስሏቸው ነበር።

የኔታ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው የጠፋው በእርጅና ነው ተባልሁ። ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን ዘርግተው ዙሪያቸውን ተቀምጠዋል፤ የኔታ በመካከል ሆነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ ያርማሉ። እኔ እንደ ሴት ወጉ በር ላይ ቆምሁ። መሪጌታ የነገሩን ግማሽ፣ ጋሽ ታፈረ እጥፉን ተናገሩ። የኔታ ሁለቱንም ሰምተው፣ «ልጅቱ የለችም ወይ?» አሉ።

«አለሁ» አልሁ።

«የማን ድምፅ ነው? አልሰማሁም።»

«አለሁ፣ የኔታ።»

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። እነዚህስ ጮኹ።»

የአርባ ተማሪ ጆሮ ወደ እኔ ዞረ። ይሄይስ በጥጉ ተቀምጦ፣ የማያየው መጽሐፍ ላይ አቀርቅሮ ነበር። እኔ ካልተናገርሁ እሱ ነገም ቆሞ ይደግማል። ስለዚህ ተናገርሁ፤ አባቴ ቁም ሣጥን ሊያነሣ ጎንበስ እንዳለ እንደቀረ፣ ያኔ ማንም ምልክቱን እንዳላወቀ፣ የደም ሥሩ እየሰፋ ሄዶ አንድ ቀን እንደሚቀደድ፣ የዓይን ሌንስ ወጥቶ በመነጽር እንደሚተካ፤ ትንፋሹ የሚቆረጠውም ከስንፍና እንዳልሆነ። የዓይኑን ምሥጢር ግን የእሱ ስለሆነ ዝም አልሁ።

የኔታ ፊታቸውን ወደ ይሄይስ ጥግ አዞሩ።

«ትንፋሹ መካከል ላይ መቆረጥ የጀመረው አምና ነው» አሉ። «ሰማሁት። ሰንፏል ብዬ ስንት ጊዜ አስቆምሁት።» ቀጥለው፣ «ይሄይስ፣ ና» አሉ።

መጣ።

«ምልክቱን ታየዋለህ?»

መሪጌታ ፈጥነው፣ «እሱ መጽሐፍ አያስፈልገውም፣ የኔታ» አሉ።

«አንተን አልጠየቅሁም። ይሄይስ?»

«አላየውም፣ የኔታ።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ሣቀና ወዲያው አፉን ያዘ። ይሄይስ የሚወርድበትን እየጠበቀ አንገቱን ደፋ። የኔታ ግን እጃቸውን ዘርግተው እጁን ፈለጉ።

«ጨብጥ እስቲ፤ ገበያው ሁሉ ያወራለትን ነገር ልየው።» ጡጫውን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ብቅ ያለውን ጫፍ ሁለት ጊዜ ነኩት። ከዚያ የራሳቸውን ጨብጠው ዳሰሱ። «የእኔ አይወጣም። እንግዲህ እኔ የታወርሁት በራሴ ነው። መሪጌታ፣ ያንተን አምጣ።»

«እኔ ደኅና ነኝ።»

«አምጣ አልሁህ።»

መሪጌታ ጡጫቸውን ዘረጉ። የኔታ ዳሰሱት፤ ብቅ ያለውን ጫፍ ነክተው የመሪጌታን እጅ ሳይለቁ ያዙ። መሪጌታ ከመታወክ ብዛት ጥምጣማቸውን በግራ እጃቸው አስተካከሉ።

«ስማኝ፣ ይሄይስ» አሉ የኔታ በመጨረሻ። «እኔ ድጓዬን ጽፌ ነው የታወርሁት። አንተ ሳትጽፍ ልትታወር ነው? ያለ መጽሐፍ አልመርቅህም፤ ሥርዓቱን ላንተ አላፈርስም። ሂድና ዓይንህን አሠርተህ ና። ልብህን አስቀድም ካሉህም አስቀድም። ስፍራህ ይጠብቅሃል። እስክትሄድ ድረስ አንዲት ቃል ቆመህ እንዳታዜም።»

«ተቀምጬስ፣ የኔታ?»

«በሹክሹክታ። መሪጌታ፣ ልጁን በእግሩ አትሰደው።»

እኔ በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት፣ በሆስፒታል አንድ ወር የሰማሁትን ሁሉ ተናግሬ ያላሳመንሁትን፣ ሥርዓቱን አላፈርስም የሚል አንድ ሽማግሌ ጨረሰው። ይሄይስ ጉልበታቸውን ስሞ ወጣ። መሪጌታ ከፊት ከፊት እየሄዱ ወደ ቤት ገቡ። ክኒን የሚሰጠው ሐኪም ለእሳቸውም እንደሚያስፈልግ ስነግራቸው፣ «ማኅሌቱን ማን ይመራል?» አሉኝ። ዛሬም እዚያው እየመሩ ነው። ሸክም እንዳያነሡ አስምያቸዋለሁ፤ መሐላውን የሚጠብቁት ሚስታቸው እስካሉ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሣ የመሪጌታ በቅሎ ኮርቻ ተጭና በር ላይ ቆማ ነበር። ማን እንደጫናት የነገረኝ የለም፤ መሪጌታ ራቅ ብለው አጥር እያጠበቁ ነበር፤ አጥሩ ግን ጥብቅ ነበር። ይሄይስ ስንቁን በትከሻው አንግቶ መጣና እርካቡን በእግሩ ፈልጎ አጣው። ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል። እጁን ያዝሁና ኮርቻው ላይ አደረግሁት፤ እግሩንም በእጄ እርካቡ ውስጥ አገባሁለት። ጋሽ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይጥረጉ።

ከደብሩ ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር ይሄይስ ልጓሙን አጥብቆ ይዞ፣ «ፊት ለፊት ምን አለ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ድንጋይ» አልሁት። «ከድንጋዩ በስተግራ መንገዱ ይጠባል። በቀኝ ገደል ነው፤ አትፍራ፣ በቅሎዋ ታውቀዋለች። አሁን ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው እየመጡ ነው። እጅ ንሣ፤ ወደዚህ አይደለም፣ ወደ ግራ። አዎ። ፊታቸው በራ። አሁን ዳገት፤ ወደ ፊት ጎንበስ በል…»

ጋሽ ታፈረ ሁለት ጊዜ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ክፍተት አላገኙም። እስከ አርብ ገበያ ድረስ ዝም አላልሁም።